የፕሮሰሰር ኮርን ከስርዓተ ክወናው ማቋረጦች ስለ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በባሕር ዳር በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ላይ መዘግየት የማይታገሥ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ያነሷቸውን ጥያቄዎች በአንድ ቦታ ለመመለስ ነው። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ) ያላቸው የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች፣ በፖሊ ግቢ (በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ) የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን የሚሠሩ ተማሪዎችና ጥቂት የድምፅ ቀረጻ ባለሙያዎች ናቸው። የትእዛዞችና የፋይሎች ስም እዚህ የተጻፈው በሚነበብበት ድምፅ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፏቸው ትክክለኛ ፊደላቸውን ከከርነሉ (ከስርዓተ ክወናው እምብርት) መመሪያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ኮርን መለየት ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ በእጃችን ያለ ተራ ኮምፒውተር በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ኮሮች፣ ማለትም ራሳቸውን ችለው የሚያሰሉ ክፍሎች፣ አሉት። የከርነሉ ስኬጁለር፣ በባጃጅ መነሻ ላይ እንደሚቆም ተራ አስከባሪ፣ ሥራ በመጣ ቁጥር ወደ ክፍቱ ኮር ይልከዋል፤ አንዱ ሲጨናነቅም ከእሱ አንሥቶ ለሌላው ይሰጣል። ለአብዛኛው ተጠቃሚ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም። ኮርን መለየት ማለት ከእነዚህ ኮሮች አንዱን ወይም ጥቂቶቹን ከተራው አውጥቶ ለአንድ የታወቀ ሥራ ብቻ መስጠት፣ የቀረውን ሁሉ፣ የስርዓተ ክወናውን የራሱን የጓዳ ሥራ ጨምሮ፣ በሌሎቹ ኮሮች ላይ እንዲከናወን ማድረግ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራን ሰው ማየት ይበቃል። ደንገሉን በገመድ ጠፍሮ በሚያጠብቅበት ቅጽበት ለሰላምታ አንድ እጁን ቢያነሣ ጠፍሩ ይላላል። ሰላምታው የወሰደው ጊዜ ከቅጽበት የማይበልጥ መሆኑ አይረዳውም፤ የጎዳው የቆይታው ርዝመት ሳይሆን የመጣበት ሰዓት ነውና። አንዳንድ የኮምፒውተር ሥራዎችም ልክ እንደዚሁ ናቸው።

የእኔ ሥራ ይህን ይፈልጋል?

ምናልባት አይፈልግም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ግዴታዬ ይመስለኛል። ጥያቄው መለየት ያለበት ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ነው። ፕሮግራሙ በአማካይ ቀርፋፋ ከሆነ ኮር መለየት አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ለሌላው ሥራ የሚቀረው ኮር ስለሚያንስ ኮምፒውተሩ በጠቅላላ ይከብዳል። ችግሩ ግን ፕሮግራሙ ሺህ ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ አንድ ጊዜ መዘግየቱ ከሆነ፣ ያች አንዷም መዘግየት ሥራውን የምታበላሽ ከሆነ፣ ይህ ገጽ ለእርስዎ ነው።

በገና ወይም ክራር የሚቀርጽ ባለሙያ በሰከንድ 48,000 ናሙና እየወሰደ የማቆያ ቋቱን በ128 ናሙና ቢወስነው፣ ኮምፒውተሩ በየ2.67 ሚሊ ሰከንዱ መድረስ አለበት። ቋቱን ወደ 256 ከፍ ቢያደርገው ጊዜው ወደ 5.3 ሚሊ ሰከንድ ያድጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀረጻው መንጫጫት በዚሁ ብቻ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ ኮር እንዲለይ አልመክረውም። በአንጻሩ ለሲኤንሲ ማሽን ምት የሚልክ ኮምፒውተር፣ የኔትወርክ ጥቅሎችን ያለ እረፍት ከካርዱ ላይ እየለቀመ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም፣ ወይም ከሬዲዮ መቀበያ የሚመጣን ሲግናል ሳያቋርጥ የሚተነትን ፕሮጀክት በእርግጥ ይፈልገዋል።

የሲኤንሲ ማሽናችን አንዳንዴ ስቴፕ የሚስተው በዚህ ምክንያት ነው?

ሊሆን ይችላል። ከፖሊ ግቢ ብዙም በማይርቅ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። በዋንዛ የበር ሰሌዳ ላይ ሐረግ የሚቀርጽ ማሽን ነበር፤ የሚመራውም ሊኑክስ ሲኤንሲ የተባለው የማሽን መምሪያ ፕሮግራም በተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ በፓራለል ፖርት በኩል ነበር። ማሽኑ ደኅና ሲሄድ ስቴፐር ሞተሩ (በእያንዳንዱ ምት አንድ ስቴፕ፣ ማለትም አንድ እርምጃ፣ የሚዞረው) እንደ ንብ ቀፎ እኩል ያዜማል። ከዚያ ዜማው ለቅጽበት ይሰበርና «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያች ነጥብ በኋላ የተቀረጸው የሐረጉ ክፍል በሙሉ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ጠማማው መስመር በጣት ሲዳሰስ እንደ ትንሽ ደረጃ ይሰማል። ሰሌዳው ከዚያ በኋላ ለበር አይሆንም።

ባለቤቱ ሞተሩን ለወጠ፤ የኃይል ሰጪውንም ለወጠ። ጥፋቱ የነበረው ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ማሽኑ እየቀረጸ ሳለ ሠራተኛው የሚቀጥለውን ደንበኛ ሥዕል ለመገልበጥ ፍላሽ ይሰካ ነበር። ምቱን የሚልከው ትሬድ (የፕሮግራሙ አንድ የሥራ መስመር) በየ25 እስከ 50 ማይክሮ ሰከንዱ መንቃት ሲገባው፣ በዚያው ኮር ላይ የፍላሹና የዲስኩ ኢንተራፕት (የማቋረጫ ጥሪ) እየመጣ ያዘገየዋል። ሞተሩ የሚጠብቀው ምት ሲዘገይና ቀጣዩ ተከትሎት ሲደርስ ሮተሩ መከተል ያቅተዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ሊኑክስ ሲኤንሲ ከራሱ ጋር የሚመጣ የመዘግየት መለኪያ አለው። በመመሪያው መሠረት ከፍተኛው መዋዠቅ ከ15 እስከ 20 ማይክሮ ሰከንድ በታች ከሆነ ኮምፒውተሩ በጣም ጥሩ ነው፤ ከ30 እስከ 50 ከሆነ ይሠራል፣ ሆኖም የሞተሩ ፍጥነት ይገደባል፤ 100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምትን በሶፍትዌር ለመላክ አይመረጥም። መለኪያው በሚሠራበት ጊዜ ኮምፒውተሩን ሆን ብሎ ማስቸገር ያስፈልጋል፦ ፍላሽ መሰካት፣ ትልቅ ፋይል መገልበጥ፣ መስኮቶችን ወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስ። ዝም ብሎ በተቀመጠ ኮምፒውተር ላይ የተገኘ ጥሩ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ኮሩን የሚያቋርጡት እነማን ናቸው?

ይህን ጥያቄ በትዕግሥት የመለሰ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል፤ ምክንያቱም ኮር መለየት አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መጫን አይደለም፤ እያንዳንዱን አቋራጭ በስሙ አውቆ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ነው።

የመጀመሪያው የከርነሉ የራሱ የሰዓት ምት ነው። ከርነሉ በ250 ሄርዝ የተዘጋጀ ከሆነ እያንዳንዱ ሥራ ላይ ያለ ኮር በየ4 ሚሊ ሰከንዱ ይነካል፤ ይህም በሰዓት 900,000 ጊዜ ማለት ነው። በ1,000 ሄርዝ ከሆነ ደግሞ በየሚሊ ሰከንዱ። ሁለተኛው ከመሣሪያዎች የሚመጣው ኢንተራፕት ነው፤ የኔትወርክ ካርድ፣ ዲስክ፣ ዩኤስቢ፣ የስክሪን ካርድ ሁሉ ጉዳይ ሲኖራቸው አንድን ኮር ይጠራሉ። ሦስተኛው የከርነሉ የጓዳ ሠራተኞች ናቸው፤ ዘግይተው እንዲሠሩ የተቀመጡ ሥራዎችን የሚያከናውኑ ትሬዶች፣ እንዲሁም አር ሲ ዩ የሚባለው፣ ማንም የማይጠቀምበት መሆኑ ሲረጋገጥ የማስታወሻ ቦታን የሚያስለቅቀው ክፍል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ኮሮች እርስ በርሳቸውም ይጠራራሉ። በብዙ ትሬድ የሚሠራ አንድ ፕሮግራም በአንዱ ኮር ላይ ሆኖ የማስታወሻ ቦታ ቢለቅ፣ ከርነሉ ያንኑ ፕሮግራም እያስኬዱ ያሉትን ሌሎች ኮሮች «የያዛችሁትን የአድራሻ ማስታወሻ ደምስሱ» ብሎ ማቋረጥ አለበት። ይህን በማስነሻ ትእዛዝ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ለከርነሉ በሚሰጥ ትእዛዝ) ማስቀረት አይቻልም፤ መድኃኒቱ ያለው በፕሮግራሙ አጻጻፍ ላይ ነው። የሚያስፈልገውን ቦታ ሁሉ ሲነሣ ይያዝ፣ እንዳይነሣበት ይቆልፈው፣ ዋናው ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ምንም አይጠይቅ፣ ምንም አይልቀቅ።

«አይሶል ሲፒዩስ» የሚለውን የማስነሻ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ፤ አይበቃም?

ብቻውን አይበቃም። ይህ ትእዛዝ የሚያደርገው ስኬጁለሩ በራሱ ፈቃድ ተራ ፕሮግራሞችን ወደዚያ ኮር እንዳይልክ መከልከል ነው። የሰዓት ምቱ ግን ይቀጥላል፤ የመሣሪያዎቹም ኢንተራፕት ከመምጣት አይቆጠብም።

ምቱን የሚያስቆመው «ኖ ሄርዝ ፉል» ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሊኑክስ 3.10 የገባ ሲሆን፣ በኮሩ ላይ ሊሠራ የተዘጋጀ ሥራ አንድ ብቻ እስከሆነ ድረስ ምቱን ያቆማል፤ ሁለተኛ ሥራ ከመጣ ምቱ ይመለሳል፣ ሁለቱን ለማፈራረቅ ያስፈልጋልና። በሰከንድ አንዴ ይቀር የነበረው ምትም ከሊኑክስ 4.17 ጀምሮ ወደ ሌሎቹ ኮሮች ተዛውሯል። ይኸው ትእዛዝ የአር ሲ ዩን ሥራም ከተጠቀሱት ኮሮች ላይ ያነሣል። ዋጋ ግን አለው፤ ፕሮግራሙ ወደ ከርነሉ በገባና በወጣ ቁጥር ተጨማሪ የሒሳብ አያያዝ ስለሚኖር ከርነሉን ደጋግሞ የሚጠራ ፕሮግራም ከቀድሞው ሊቀዘቅዝ ይችላል። በእኔ ግምት ለሲኤንሲ ማሽን ኮሩን ከስኬጁለሩ መለየትና ኢንተራፕቶቹን ማራቅ በአብዛኛው ይበቃል፤ «ኖ ሄርዝ ፉል» የሚገባው ሳይተኛ እየዞረ ለሚሠራ ፕሮግራም ነው።

የመሣሪያዎቹን ኢንተራፕት ለማራቅ «አይ አር ኪው አፊኒቲ» የሚባለው የማስነሻ ትእዛዝ አለ፤ ወይም በፕሮክ ማውጫ (ከርነሉ የውስጡን ሁኔታ በፋይል መልክ በሚያሳይበት ቦታ) ሥር በየኢንተራፕቱ ቁጥር የሚገኘውን፣ ኢንተራፕቱ ወደ የትኛው ኮር እንደሚሄድ የሚወስነውን የአፊኒቲ ፋይል መለወጥ ይቻላል። «አይ አር ኪው ባላንስ» የሚባለው አገልግሎት ግን እርስዎ ያስተካከሉትን መልሶ ሊያከፋፍለው ስለሚችል፣ ወይ ማጥፋት ወይ የተከለከሉትን ኮሮች አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። በተለየ ኮር ላይ ስኬጁለሩ ሥራ አያመጣጥንም። አራት ትሬድ ያለውን ፕሮግራም ለተለዩት ኮር 2 እና ኮር 3 በአንድ ላይ ቢሰጡት፣ አራቱም ትሬዶች በአንደኛው ኮር ላይ ተከምረው ሌላኛው ባዶውን ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ሁለት ሳምንት ሲደክም አይቻለሁ። እያንዳንዱን ትሬድ ለየራሱ ኮር በእጅ መመደብ ግድ ነው።

የከርነሉ መመሪያ ራሱ «አይሶል ሲፒዩስ»ን ጊዜው ያለፈበት ብሎ «ሲፒዩ ሴት»ን ይመክራል። ሲፒዩ ሴት ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ መለየትና መመለስ ስለሚያስችል ለሙከራ የተሻለ ነው።

የትኛውን ኮር ልምረጥ?

ኮር 0ን ይተዉት፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚጀምረው በእሱ ነው፣ የጓዳ ሥራውም በእሱ ላይ ይበዛል። ከዚያ ሃይፐር ትሬዲንግ መኖሩን ያረጋግጡ። ስምንት ሆነው የሚታዩት ኮሮች በእውነት አራት ሆነው፣ ብዙ ጊዜ 0 እና 4፣ 1 እና 5 እያሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱን አካል ይጋራሉ። ኮር 3ን ለይተው ኮር 7ን ለአሳሹ ቢተዉት፣ በአንድ አልጋ ላይ አንዱን ሰው ተኛ፣ ሌላውን ጨፍር እንደማለት ነው። ወይ ሁለቱንም አብረው ይለዩ፣ ወይ ሃይፐር ትሬዲንግን ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ያጥፉ።

ማቋረጦቹ በእርግጥ መቀነሳቸውን እንዴት አያለሁ?

በፕሮክ ማውጫ ውስጥ «ኢንተራፕትስ» የሚባለውን ፋይል ይክፈቱ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ አቋራጭ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ የአንድ ኮር። ከታች አካባቢ «ኤል ኦ ሲ» የሚል መስመር አለ፤ እሱ የሰዓት ምቱ ነው። አሁን በተለየው ኮር ላይ ያለ እረፍት የሚዞር ትንሽ ፕሮግራም ያስነሡ፤ ሥራ የፈታ ኮር ምቱን በራሱ ስለሚያቆም ባዶ ኮር ላይ የሚደረግ ሙከራ ያታልላል። ፋይሉን አንድ ጊዜ ይቅዱ፣ 10 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ደግመው ይቅዱና ይቀንሱ። በ250 ሄርዝ ምቱ ካልቆመ ልዩነቱ 2,500 ገደማ ይሆናል። ከቆመ ግን ከጥቂት የማይበልጥ ቁጥር ያያሉ። በሌሎቹ መስመሮች ላይም የሚጨምር ካለ በመስመሩ መጨረሻ የመሣሪያው ስም ተጽፏል፤ ጥፋተኛውን ከዚያ ያገኙታል።

ምቱ መቆሙ በዓይን ከታየ በኋላ «ሳይክሊክ ቴስት» በተባለው መለኪያ ከፍተኛውን መዘግየት ይለኩ። መታየት ያለበት አማካዩ ሳይሆን ከፍተኛው ነው። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ማታ አስነሥተው ጠዋት ይዩት።

ሁሉንም አድርጌ አሁንም አልፎ አልፎ ትልቅ መዘግየት አያለሁ። ለምን?

ከስርዓተ ክወናው በታች ያለ አቋራጭ ሊኖር ይችላል። የኮምፒውተሩ ፈርምዌር (ከማዘርቦርዱ ጋር ተጽፎ የሚመጣው ሶፍትዌር) ፕሮሰሰሩን ለራሱ ጉዳይ ሲወስደው ከርነሉ አያይም፤ በኢንተራፕት ፋይሉም ላይ አይመዘገብም። ለዚህ «ሃርድዌር ላተንሲ ዲቴክት» የሚባል መለኪያ አለ። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ከተለመዱት መንስኤዎች አንዱ ባዮስ ውስጥ ያለው የቆየ የዩኤስቢ ድጋፍ ስለሆነ እሱን ማጥፋት መሞከር ያዋጣል። ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የሚመጣ የስክሪን ካርድም ያስቸግራል፤ ያገለገለ ርካሽ ካርድ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሌላው የኃይል ቁጠባ ነው። ሥራ ሲያጣ በጥልቅ የተኛ ኮር ሲጠራ ለመንቃት ጊዜ ይወስዳል። በባዮስ ወይም በማስነሻ ትእዛዝ ጥልቅ እንቅልፉን መገደብ፣ ፍጥነቱንም በከፍተኛው ላይ ማጽናት ይቻላል። በላፕቶፕ ላይ ይህን ሁሉ መሞከር ግን ድካም ነው፤ አልመክርም።

የፕሮግራሜን ቅድሚያ ወደ ጣሪያው ብሰቅለውስ?

ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈጽሞ የማይተኛ ፕሮግራም «ፊፎ» በሚባለው የሪልታይም ደንብ ከፍተኛውን ቅድሚያ ቢይዝ፣ በዚያ ኮር ላይ የግድ መሥራት ያለባቸውን የከርነሉን ትሬዶች አስርቦ ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊያደርቀው ይችላል። ከሊኑክስ 6.12 በፊት በነበሩት ከርነሎች ይህን ለመከላከል ለረጅም ዓመታት የኖረ ገደብ ነበር፦ ከእያንዳንዱ 1,000,000 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ለሪልታይም ሥራ የሚፈቀደው 950,000 ነበር። እንዲህ ባለ ከርነል ላይ ይህን የማያውቅ ሰው ፕሮግራሙ በየሰከንዱ ለ50 ሚሊ ሰከንድ ሲቆም አይቶ ይደነግጣል። በተለየ ኮር ላይ ብቻውን ላለ፣ ለማይተኛ ፕሮግራም ተራው ቅድሚያ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ የሚሽቀዳደመው የለምና።

የሪልታይም ከርነል ካለኝ ኮር መለየት ያስፈልገኛል?

ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። «ፕሪኤምፕት አር ቲ» የሚባለው፣ ከዓመታት ልፋት በኋላ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 በወጣው ሊኑክስ 6.12 ወደ ዋናው ከርነል የገባው ሥራ፣ ከርነሉ ራሱ በማንኛውም ቅጽበት ማለት ይቻላል ቦታ እንዲለቅ ያደርገዋል። ተራው በፍጥነት እንዲደርስ ያደርጋል እንጂ ተራ ጠባቂዎቹን አያስወግድም። ለሲኤንሲ ሁለቱም አብረው ቢኖሩ ይመረጣል።

በቨርቹዋል ማሽን ውስጥስ?

ቨርቹዋል ማሽን በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚሠራ ኮምፒውተር ስለሆነ ውስጡን ብቻ መለየት አይጠቅምም። አስተናጋጁ ኮምፒውተር ኮሩን በፈለገ ጊዜ ይወስደዋልና መለየቱ በአስተናጋጁ ላይም መሠራት አለበት።

ኮምፒውተሩ በሚያዝያ ይግላል፤ ተያያዥነት አለው?

አለው። እንዳይተኛ የተደረገ ኮር ቀኑን ሙሉ ሙቀት ያመነጫል። በባሕር ዳር የሚያዝያ ቀትር፣ የእንጨት ብናኝ የማቀዝቀዣውን ክንፎች በደፈነበት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ መዘግየቱ ይመለሳል። ብናኙን በየወሩ በአየር መንፋት ከማንኛውም የማስነሻ ትእዛዝ ያላነሰ ጠቃሚ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያስተካከልኩት ሁሉ ተበላሽቶ አገኘሁት። ምን ላድርግ?

በግሩብ (የሊኑክስ ማስነሻ ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ የተጻፉት የማስነሻ ትእዛዞች አይጠፉም። በፕሮክ ማውጫ በኩል በእጅ የተለወጠው የኢንተራፕት አመዳደብ ግን የሚኖረው ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ትእዛዞቹን ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ በሚነሣ አገልግሎት ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ የኢንተራፕቶቹ ቁጥር ከአንዱ ማስነሻ ወደ ሌላው ሊለወጥ ስለሚችልም ስክሪፕቱ በቁጥር ሳይሆን በመሣሪያው ስም ይፈልጋቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሃይፐር ትሬዲንግ ተመልሶ ከተገኘ፣ ወይም የኃይል ቁጠባው ዳግም ከበራ፣ ችግሩ ከሊኑክስ ውጭ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮስ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል። ምልክቱ የኮምፒውተሩ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ መገኘቱ ነው። ባትሪዋ 2032 የሚል ቁጥር የተጻፈባት፣ በየሰዓት ጥገናው ቤት የምትገኝ ናት፤ ከለወጧት በኋላ የባዮሱን ቅንብር እንደገና ያስተካክሉና ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥተው ከማሽኑ አጠገብ ይለጥፉት።